የታኮማዬን ፊት ከፍ ሳደርግ ሾክ አብዞርበር የመረጥኩበት መንገድ

ባዶ ፒክአፕን ከጎን ቆማችሁ እዩት። ፊቱ ዝቅ፣ ኋላው ከፍ ብሎ ነው የሚቆመው። ፋብሪካው ይህን ያደረገው አውቆ ነው፤ ዕቃ ሲጫንበት ወይም ተጎታች ሲታሰርበት የኋላው ባሌስትራ ይተኛና መኪናው ያኔ ቀጥ ይላል። አሜሪካ ያለነው አብዛኞቻችን ግን ፒክአፕ ገዝተን የምንጭነው የኮስትኮ ውሃና የልጆች ብስክሌት ነው። መኪናው አፍንጫውን እንደደፋ ዓመት ከዓመት ይሄዳል። ፊቱን አንድ ተኩል፣ ሁለት ኢንች አንስቶ ከኋላው ጋር ማስተካከል እዚህ ሌቭሊንግ ይሉታል፤ በየሰፈሩ የሚሠራው ሱቅም ብዙ ነው። የሚያስቸግረው ሾኩን መምረጥ ነው። ሻጩ ሁሉ የሚያወራው ስለ ኢንች ነው፣ ሾክ ግን በኢንች አይመረጥም።

የኔ መኪና የ2018 ቶዮታ ታኮማ ነው፣ ደብል ካብ፣ ኤስአር5፣ ፎር ባይ ፎር። የምኖረው ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ነው። በበጋ ቤተሰቡን ይዤ ወደ ተራራው እወጣለሁ፤ ራምፓርት ሬንጅ ሮድን የሚያውቅ ሰው እንዴት ያለ ኮሮኮንች እንደሆነ ያውቃል። መንገዱ ጥርስ ጥርስ ያበጀ ጠጠር ነው፣ መኪናው ሳያቋርጥ ይንቀጠቀጣል። የፋብሪካው ሾኮች ዕድሜያቸውን ጨርሰው ስለነበር መቀየሩ አይቀርም፤ ካልቀረ ፊቱንም አብሬ ላስተካክል አልኩ።

ከምንም በፊት ለኩ። ከመሬት እስከ ፓራፋንጎው ጫፍ አትለኩ፤ የጎማው ንፋስና የጎማው ማለቅ ያሳስታል። ከጎማው መሃል ቀጥ ብላችሁ እስከ ፓራፋንጎው ጫፍ ለኩ፣ አራቱንም። የኔ ፊቱ 20 ኢንች ግድም፣ ኋላው 21 ተኩል አለፍ ያለ ነበር። በሹፌሩ በኩል ያለው ፊት ደግሞ ከቀኙ ትንሽ ዝቅ ይላል። ታኮማ ያላችሁ አትደንግጡ፣ የታወቀ ጠባዩ ነው፤ የነዳጁ ታንክም ሹፌሩም በግራ ናቸው።

መጀመሪያ የጠየቅኩት አንድ ሱቅ ያቀረበልኝ ስፔሰር ነው፤ ከሾኩ አናት ላይ የሚታሰር የአሉሚኒየም ቁራጭ። ዋጋው ያኔ ከ100 ዶላር አይበልጥም ነበር። «ሾክህን መቀየር አያስፈልግህም፣ ግማሽ ቀን አይፈጅም» አለኝ ሰውዬው። ስለ ጊዜው ልክ ነው። እንደ ታኮማ ባለ ፊት ላይ ሞላና ሾኩ የሚቀመጡት የታችኛው ኮንትሮል አርም (ጎማውን ከሻሲው ጋር የሚያያዘው ክንድ) መካከል አካባቢ ስለሆነ አንድ ኢንች ቁራጭ ጎማው ጋ ወደ ሁለት ኢንች ይደርሳል። ርካሽና ፈጣን የሆነውም ለዚህ ነው። ግን ምን እንደሚያደርግ አስቡት። ሾኩንና ሞላውን እንዳሉ ወደ ታች ይገፋቸዋል። ጎማው ጉድጓድ ላይ ሲንጠለጠል ፋብሪካው ካሰበለት በላይ ይወርዳል፤ የክንዱ መጋጠሚያ የሆነው የላይኛው ቦል ጆይንትና ጎማውን የሚያዞረው ሲቪ አክስል ያልታሰበላቸው ማዕዘን ላይ ይደርሳሉ። ጎማው ወደ ላይ ሲመታ ደግሞ ምቱን የሚቀበለው ጎሚኒ (ባምፕ ስቶፕ) ሳይነካ ሾኩ ውስጡ መጨረሻ ላይ ሊደርስ ይችላል። ሾኩም ያው አሮጌው ነው። ለመልክ ብቻ ከሆነ፣ አስፋልት ላይ ብቻ ከሆነ፣ አንድ ኢንች ብቻ ከሆነ እሺ። ለኮሮኮንች አልመክርም።

ነገሩን ያፍታታልኝ እዚሁ ኦሮራ ጋራዥ ያላቸው፣ ሥራውን ሶማሌ ተራ የተማሩ አንድ ጋሼ ናቸው። «ጋሼ፣ የትኛው ሾክ ነው መኪናውን ደህና አድርጎ የሚያነሳው?» ስላቸው ሳቁብኝ።

«ኧረ ተው! ሾክ መች ይሸከማል? ሞላውን አውጥተህ ሾኩን ብቻ ብትተወው መኪናው መሬት ላይ ነው የሚተኛው። የሚያቆመው ሞላው ነው። ሾኩ ሞላው እንዳይዘል የሚይዝ ነው።»

ከዚያ አንድ ያረጀ የፋብሪካ ሾክ ጠረጴዛው ላይ አቁመው ዘንጉን በመዳፋቸው ገፉት። መጀመሪያ ምንም ሳይይዝ ጣት የሚያህል ገባ፣ ከዚያ ብቻ ዘይቱ ያዘው። ሲለቁት እገባበት ቀረ። ቀጥለው በካርቶን ያለ አዲስ የቢልስታይን ኩባንያ ሾክ አወጡ፤ ዘንጉ በማሰሪያ ታስሮ ነው የሚመጣው። ማሰሪያውን ሲቆርጡት ዘንጉ ማንም ሳይነካው ቀስ እያለ፣ አንድ ፍጥነት ይዞ፣ እስከ ጫፉ ወጣ። ውስጡ ያለው ናይትሮጅን ነው የሚገፋው። መልሰው ሊያስገቡት ሲሞክሩ ክብደታቸውን ሁሉ መጣል ነበረባቸው። ባዶ ሄዶ የሚይዝ ነገር የለም፤ ከመጀመሪያዋ ሚሊ ሜትር ጀምሮ ይይዛል።

እንግዲህ ሁለት ዓይነት ሾክ አለ። መንታ ቱቦ ያለው በውስጡ ሌላ ቱቦ አለ፤ ፒስተኑ በውስጠኛው ይመላለሳል፣ በሁለቱ መካከል ትርፍ ዘይትና ጋዝ ይቀመጣል። ለከተማ ልስልስ ያለ ነው፣ ዋጋውም ይቀንሳል፤ ድንጋይ መጥቶ ውጭውን ቢያጎደጉደው ፒስተኑን አይነካውም። ድክመቱ ሙቀት ነው። ሾክ የእንቅስቃሴን ጉልበት ወደ ሙቀት የሚቀይር ዕቃ ነው፤ ኮሮኮንች ላይ ደግሞ ሥራው አያቋርጥም። መንታው ቱቦ ሙቀቱን እንደ ፔርሙስ ይዞ ይቀመጣል። ዘይቱ ይቀጥናል፣ ከጋዙ ጋር ተደባልቆ አረፋ ይሠራል፣ ረጅም ጠጠር መንገድ ላይ ከጊዜ በኋላ መሪው ልል ሲል የሚሰማችሁ ያ ነው።

ባለ አንድ ቱቦው፣ ሞኖቲዩብ የሚሉት፣ ዘይቱ በቀጥታ ከውጭው ግድግዳ ጋር ስለሚገናኝ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ጋዙ በሌላ ተንሳፋፊ ፒስተን ከዘይቱ ተለይቶ፣ በከፍተኛ ግፊት ነው የሚቀመጠው፤ አረፋ የሚሠራበት ዕድል ትንሽ ነው። ሐሳቡ የፈረንሳዊው የቡርሲዬ ደ ካርቦን ነው፤ ቢልስታይን በ1957 ለመርሴዲስ ቤንዝ በብዛት ማምረት ጀመረ። ጉድለቱም አለው፤ ግድግዳው ራሱ የፒስተኑ መንገድ ስለሆነ ድንጋይ አጎድጉዶት ከገባ አበቃለት። ድንጋያማ ቦታ ቀስ እያላችሁ የምትወጡ ከሆነ ይህን ከግምት አስገቡ።

አሁን ወደ ምርጫው። ታኮማ ላይ ብዙ ሰው የሚጀምረው ከቢልስታይን 5100 ነው። የሾኩ አካል ላይ ዙሪያውን የተቆረጡ፣ አንዱ ከአንዱ በላይ የተደረደሩ ቀጫጭን ጎድጓዳ መስመሮች አሉ፤ የሞላው የታች ማስቀመጫ የሚቆመው ከነዚህ በአንዱ ላይ በሚገባ ቀለበት ነው። ቀለበቱን ወደ ላይ ባወጣችሁት መጠን ሞላው ይጠብቃል፣ መኪናው ይነሳል፤ ከ0 እስከ 2.5 ኢንች ገደማ ይላል ፋብሪካው። የራሳችሁን የድሮ ሞላ ትጠቀማላችሁ። ርካሹ ደህና መንገድ ይህ ነው።

ግን ሳትገዙ አንድ ነገር ይግባችሁ። ሞላውን አጥብቆ ማንሳት ሞላውን ጠንካራ አያደርገውም፣ የሞላው ጥንካሬ ያው ነው። የሚቀየረው መኪናው ከሾኩ ርዝመት የትኛው ቦታ ላይ እንደሚቆም ነው። ሾኩ አልረዘመም፤ መኪናው ከፍ ሲል ሾኩ ተዘርግቶ ወደ ጫፉ ይጠጋል፣ ወደ ታች የሚወርድበት ቦታ ይቀንሳል። ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ሾኩ ቶሎ መጨረሻው ላይ ደርሶ ጓ ይላል። ፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ስትወርዱ የሚሰማ ድምፅ ነው። «5100 ሻካራ ነው» የሚለው ወሬ ብዙው የሚመጣው በመጨረሻው መስመር ላይ ካሰሩት ሰዎች ነው። እስከ አንድ ተኩል ኢንች ከሆነ የምትፈልጉት ይህ መንገድ ጥሩ ነው፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ሞላውን ቀይሩ።

እኔ ያደረግኩት ያንን ነው። 5100ን ቀለበቱን ዝቅተኛው መስመር ላይ አድርጌ፣ ከፍታውን ያገኘሁት ረዘምና ጠንከር ካለ፣ ኦልድ ማን ኢሙ ከሚባል ብራንድ ሞላ ነው። ሞላው የሚሸጠው በክብደት ነው፤ ፊት ላይ ምንም ላልጨመረ መኪና፣ ለብረት ባምፐር፣ ለብረት ባምፐርና ዊንች እያለ ይለያያል። የብረት ባምፐርና ዊንች ከ100 ፓውንድ በላይ ይጨምራሉ፤ ዛሬ ሳይኖራችሁ «ወደፊት እገዛለሁ» ብላችሁ የከባዱን ሞላ አትግዙ። ፊቱ ካሰባችሁት በላይ ይወጣል፣ ባዶውን መኪና ደግሞ ያንገጫግጨዋል።

ሞላው ሲጠነክር ሾኩ ለምን አብሮ መቀየር እንዳለበት ከዚህ ይገባችኋል። የተጨመቀ ጠንካራ ሞላ ሲመለስ በኃይል ነው የሚመለሰው። የፋብሪካው ሾክ የተቀመረው ለለስላሳው ሞላ ስለሆነ መልሱን መያዝ ያቅተዋል፣ አፍንጫው ይዘላል። ስለዚህ ሾክ ስትጠይቁ «ስንት ኢንች ያነሳል?» አትበሉ፤ «ለየትኛው ሞላ፣ ለስንት ክብደት ነው የተቀመረው?» በሉ። መልስ የሌለው ሻጭ ካጋጠማችሁ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

ሌሎቹን ባጭሩ። ቢልስታይን 6112 ፒስተኑ 60 ሚሊ ሜትር ነው (የ5100 46 ነው)፣ ከራሱ ሞላ ጋር ተቀምሮ ይመጣል፤ ገንዘቡ ካለና ብዙ ኮሮኮንች የምትነዱ ከሆነ እኔ የማስቀድመው እሱን ነው። ራንቾ አርኤስ9000ኤክስኤል በእጅ የሚዞር ባለ 9 ደረጃ ማስተካከያ አለው፤ አንድ ቀን ተጎታች የሚስብ፣ አንድ ቀን ባዶ የሚሄድ ሰው ይጠቀምበታል። የኦልድ ማን ኢሙ ናይትሮቻርጀር መንታ ቱቦ ቢሆንም ደህና አድርጎ የተሠራ ነው፣ ከተማ ውስጥ ከሞኖቲዩቡ ይለሰልሳል። ፎክስ 2.5ና ኪንግ ሌላ ዓለም ናቸው፤ ተፈተው የሚታደሱ ናቸው፣ ማለትም ማሳደስም አለባችሁ። በየክረምቱ መንገዱ ላይ በረዶ ማቅለጫ ማግኒዥየም ክሎራይድ በሚረጭበት አገር ለዕለት ሥራ መኪና እኔ አላስገባም። ኢንተርኔት ላይ ተገጣጥመው ከነሞላቸው የሚሸጡ ስም የለሽ ርካሾች አሉ፤ ሞላቸው ለስንት ክብደት እንደሆነ የማይጻፍበትን ዕቃ አትግዙ።

ታኮማችሁ ቲአርዲ ኦፍሮድ የሚባለው ዓይነት ከሆነ ከፋብሪካው ቢልስታይን ይዞ ነው የመጣው፤ ግን የመደበኛው ከፍታ ሾክ ነው፣ ቀለበት የሚያንቀሳቅስበት መስመር የለውም። «ቢልስታይን አለህ፣ ስፔሰር ብቻ እናስገባ» ቢሏችሁ ከላይ ስለ ስፔሰር ያልኩት እሱንም ይመለከታል።

መግጠሙን እኔ አልሞከርኩትም። የተጨመቀ ሞላ ሰው ይገድላል፤ ከሱቅ በኪራይ የሚገኘው መጭመቂያ ቢንሸራተት የሚያቆመው የለም። ጋሼ ግድግዳ ላይ የተተከለ መጭመቂያ አላቸው፣ አጠገባቸው ሆኜ አየሁ። ሦስት ነገር ሲያደርጉ አይቼ ወደድኩላቸው። ቀለበቱ መስመሩ ውስጥ ሙሉ በሙሉ መግባቱን በጣታቸው ዙሪያውን እየዳሰሱ አረጋገጡ፤ ግማሹ ውጭ የቀረ ቀለበት ሞላው ሲለቀቅበት ይዘላል። በግራ በኩል ሩብ ኢንች ቀጭን ቁራጭ ጨምረው የመኪናውን ማዘንበል አወጡለት። የታችኛውን ቡሎን ደግሞ መኪናው ክሪክ ላይ እያለ አላጠበቁትም። ጎማው ተገጥሞ፣ መኪናው መሬት ወርዶ፣ በራሱ ክብደት ከቆመ በኋላ ነው ያጠበቁት። ጎማው ተንጠልጥሎ ከጠበቀ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይቀርና በጥቂት ወራት ውስጥ ይቀደዳል። አዲስ ሾክ ገጥመው ወዲያው ሲጥ ሲጥ የሚልባቸው መኪናዎች ብዙዎቹ በዚህ የተነሳ ነው።

አላይመንት የግድ ነው፣ በዚያው ሳምንት። ፊቱ ሲነሳ ካስተር (ጎማው በመሪ የሚዞርበት ዘንግ ወደ ኋላ የሚያዘነብልበት ማዕዘን) ይቀንሳል፤ መሪው ራሱ ወደ መሃል የመመለስ ጉልበቱ ያንሳል፣ በአውራ ጎዳናው በአይ 70 ላይ ከጎን ንፋስ ሲመጣ መኪናው ይንሳፈፋል። የአላይመንት ማሽኑ ላይ ቁጥሩ «አረንጓዴ ሆኗል» ሲሏችሁ አትሂዱ፤ ወረቀቱን ጠይቁ፣ ካስተሩን ፋብሪካው ከሚፈቅደው ወደ ላይኛው ጫፍ እንዲያደርጉላችሁ ንገሯቸው። ታኮማ የሚስተካከለው በታችኛው ኮንትሮል አርም ላይ ባሉት ቡሎኖች ነው፤ ጨው የሚረጭበት አገር የኖረ መኪና ላይ እነዚህ ዝገው ይጣበቃሉ፣ አስቀድማችሁ አሳዩአቸው። ከሁለት ተኩል ኢንች በላይ ካነሳችሁ የላይኛውን ኮንትሮል አርም ሳትቀይሩ አሪፍ አላይመንት አታገኙም። የፊት መብራቱንም አስወርዱ፣ ከፊት የሚመጣው ሰው ዓይኑን ይጠብቅ። ከ2018 ወዲህ ያለ ታኮማ ፊቱ ላይ ራዳር፣ የፊት መስታወቱ ላይ ካሜራ ስላለው እሱንም አስፈትሹ።

ውጤቱ ደስ የሚል ነው። ፊቱ ሁለት ኢንች ያህል ወጣ፤ ፍሬን ሲያዝ እንደ ድሮው አይሰግድም፤ ራምፓርት ሬንጅ ላይ መጨረሻ ድረስ መሪው ያው ነው። ለከተማ ግን ጠንከር ያለ ነው፣ አልዋሽም። ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ያሉትን ትንንሽ ጉድጓዶች ባለቤቴ ትቆጥራቸዋለች። ጃንዋሪ ማለዳ ላይ ደግሞ ዘይቱ እስኪሞቅ መኪናው እንጨት ነው። ለስላሳ ነገር የሚፈልግ ሰው መንታ ቱቦውን ይያዝ፣ እኔ ተራራውን አስቤ ነው።

የኋላውን አትርሱ። ፊቱ አዲስ፣ ኋላው ያረጀ ሾክ ሲሆን ኮሮኮንች ጥምዝ ላይ ኋላው ወደ ጎን ይሸሻል። እኔ አራቱንም ቀየርኩ። ተጎታች የምትስቡ ወይም ዕቃ የምትጭኑ ከሆነ ደግሞ ፊትና ኋላን እኩል አታድርጉ፤ ግማሽ ኢንች ያህል ለኋላው ተዉለት፣ አለዚያ ሲጫን አፍንጫው ሰማይ ያያል። ፊትን ከኋላ በጣም አስበልጦ ማንሳት በአንዳንድ ግዛት በሕግ የተከለከለ ነው፤ ኖርዝ ካሮላይና በ2021 የፊቱ ፓራፋንጎ ከኋላው 4 ኢንችና ከዚያ በላይ ከፍ እንዳይል ከለከለች፣ ቨርጂኒያ በ2022፣ ሳውዝ ካሮላይና በ2023 ተከተሏት። ሌቭሊንግ ከዚያ ሩቅ ነው፣ ግን የአክስቴ ልጅ ቨርጂኒያ ስላለና ስለጠየቀኝ ነው ያነሳሁት።

አገር ቤት ሃይሉክስ ያላችሁም ብዙ ጊዜ ትጠይቁኛላችሁ። ቪጎና ከዚያ ወዲህ ያሉት ፊታቸው እንደ ታኮማ ሾክና ሞላ አንድ ላይ ስለሆነ ያልኩት ሁሉ ይሠራል፤ ሲሚንቶና እህል የሚጭን መኪና ከሆነ ግን ፊቱን ከማንሳታችሁ በፊት የኋላውን ባሌስትራ እዩ፣ ችግሩ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። ከቪጎ በፊት የነበሩት ፎር ባይ ፎሮች ፊታቸው ላይ እንዲህ ያለ ሞላ የላቸውም፤ አንዳንዶቹን የሚሸከመው ባሌስትራ፣ ሌሎቹን ደግሞ ቶርሽን ባር (እየተጠመዘዘ የሚሸከም የብረት ዘንግ) ነው። ቶርሽን ባር ያለው ቡሎን በማዞር ብቻ ከፍ ይላል፤ መካኒኩ ለዚህ ዕቃ አይሸጥላችሁም። ሾኩ ግን እዚያም ቁመቱ አይጨምርም። ካዞራችሁ በኋላ መኪናውን በክሪክ አንሱት፣ ጎማው ይንጠልጠል፣ ከዚያ የሾኩን አንድ ጫፍ ፈታችሁ ዘንጉ ገና የሚወጣበት ቦታ እንዳለው እዩ። ዘንጉ ከዚያ በላይ የማይወጣ ከሆነ ጎማውን አንጠልጥሎ የያዘው ሾኩ ነው ማለት ነው፤ ያኔ ወይ ቡሎኑን መልሱት፣ ወይ ተዘርግቶ የሚደርስበትን ርዝመት ለክታችሁ ከሱ ረዘም ያለ ሾክ ግዙ።